እርማት፦ የተደመረ ነገር ካንስል አይደረግም

(3^(ሀ+2) + 3^ሀ) ÷ (3^(ሀ+1) + 3^ሀ) ሲቃለል 3 ይመጣል የሚሉ መልሶች እየበዙ ስለሆነ ይህችን ብቻ ላርም (^ አርቢን ያመለክታል)። የሚሰጠው ምክንያት «3^ሀ ከላይም ከታችም ስላለ ካንስል ይደረጋል» የሚል ነው። ካንስል የሚደረገው ግን መላውን ላዕልና መላውን ታህት የሚያባዛ ነገር ነው። እዚህ 3^ሀ የተደመረ እንጂ የተባዛ አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ብዜት እንቀይረው። 3^(ሀ+2) ማለት 9 × 3^ሀ፣ 3^(ሀ+1) ደግሞ 3 × 3^ሀ ነው። የጋራውን ስናወጣ ላዕሉ 3^ሀ(9 + 1)፣ ታህቱ 3^ሀ(3 + 1) ይሆናል። አሁን 3^ሀ በትክክል ይጣፋል፤ መቼም ዜሮ ስለማይሆን ሥጋት የለም። የሚቀረው 10/4፣ ማለትም 5/2 ነው።

በቅንፉ ውስጥ ያለችውን 1 ልብ በሉ። 3^ሀ በ3^ሀ ሲካፈል 1 ይተዋል እንጂ አይጠፋም። እሷን የረሳ ሰው 9/3 ብሎ እንደገና 3 ላይ ይደርሳል፤ ሁለት መንገድ አንድ መልስ ስለሰጠው ትክክል ይመስለዋል። ምርጫ ባለው ፈተና 3 ከአማራጮቹ አንዱ ከሆነ ነጥቡ ሄደ።

ለማረጋገጥ በሀ ቦታ 1 አስገቡ፦ (27 + 3) ÷ (9 + 3) = 30/12 = 2.5። በ0ም ሞክሩት፤ 10/4፣ ያው 2.5 ነው።