ኦሽዊትዝ ለፎቶ መነሻ አይደለም

ፖላንድ በነበርኩበት ጊዜ ከክራኮው ከተማ ተነስቼ የናዚ ጀርመን የግድያ ካምፕ የነበረውን ኦሽዊትዝን የጎበኘሁበት ቀን ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1945 ወደ 1.1 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹም አይሁዳውያን፣ በተገደሉበት በዚያ ስፍራ፣ አንዲት ወጣት እስረኞች በተጋዙበት፣ የካምፑ አንድ ክፍል በሆነው በቢርከናው የባቡር ሐዲድ ላይ እጆቿን ዘርግታ እየተራመደች፣ ጓደኛዋ ደግሞ ፎቶው እስኪያምርለት ድረስ ደጋግሞ ያስመልሳት ነበር። የመታሰቢያው ሙዚየም ጎብኚዎች ይህን እንዳያደርጉ በ2019 በይፋ ቢማጸንም ሰሚ ያገኘ አይመስልም።

ከሁሉ በላይ አንጀቴን ያቃጠለው ግን ከሟቾቹ የተላጨው ፀጉር ያለበት ክፍል ነው። ዘመን ያደበዘዘው፣ ሁለት ቶን ገደማ የሚሆን ፀጉር ከመስታወቱ ጀርባ ተከምሯል፤ ከመሃሉ ጉንጉኑ ሳይፈታ የቀረ ሹሩባ አየሁ፣ ምናልባትም እናት ወይም እህት የጎነጎነችው። እዚያ ክፍል ፎቶ ማንሳት ክልክል እንደሆነ እየተነገረ፣ አንድ ሰው በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ስልኩን ደቀነ። ይህ አለማወቅ ሳይሆን ድፍረት ነው!

ያመጣን አስጎብኚ ድርጅትም ቢሆን ከተጠያቂነት አያመልጥም። ከሰዓት በኋላ የጨው ማዕድን ስለምንጎበኝ ፍጠኑ እየተባልን፣ ባለቤቶቻቸው እንመለሳለን ብለው ስማቸውንና የትውልድ ዘመናቸውን የጻፉባቸውን ሻንጣዎች በሩጫ አለፍናቸው። አንዱን ስም ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ ወደ አውቶቡሱ ተጠራሁ።