ደውለህ ነው የምትመጣው?

ባለፈው ክረምት ከ11 ዓመት በኋላ ድሬዳዋ ገባሁ። በማግስቱ የድሮ ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ፣ ከዚራ ሰፈር። እናቴ ሥራ ስትውል አብልታ ያሳደገችኝ ሴት ናት። በሩ እንደ ድሮው ክፍት ነው፤ መጋረጃ ብቻ ነው ያለው። ውስጥ ሰው ሲያወራ ይሰማኛል። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ ስልኬን አወጣሁና ደወልኩ። «ብመጣ ይመችሻል?» አልኳት። በኛ ሰፈር እናትም «አንቺ» ናት።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። አየችኝ። «አቦ! ቤትህ ደውለህ ነው የምትመጣው? ምን አድርጌህ ነው?» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እስካሁን ያ ፊቷ ከዓይኔ አልጠፋም።

የምኖርበት ፍራንክፈርት፣ ጀርመን፣ ሳይደውሉ የሰው በር ማንኳኳት ነውር ነው። ለሐኪም ተርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ይያዛል። ለፀጉር ተርሚን። ቀስ በቀስ ለጓደኛም ተርሚን ሆነ። ያገርህ ልጅ እንኳ «በሚመጣው ወር፣ ሁለተኛው ቅዳሜ» ይልሃል። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ወድጄው ነበር። «ለምን ከሳህ? ለምን አትወልዱም?» የሚልህ የለም። ድሬ ሳለሁ ያንገሸገሸኝ እሱ ነበር። ጀርመኖቹም ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሰውን አለመረበሽ እነሱ ዘንድ አክብሮት ነው።

ግን አንድ ሌሊት አለ። ልጄ ያኔ ሁለት ዓመቷ ነው። ትኩሳት ይዟት እስኪነጋ አለቀሰች። ጠዋት በሬ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ጸጥታ እንዲከበር ያሳስባል። የጻፈው ከታች ያለው ጎረቤት ነው። አምስት ዓመት በአንድ ደረጃ ወጥተን ወርደናል። ደንቡ ትክክል ነው፣ አልከራከርም። ልጅ ምን ሆና ነው ሌሊቱን የምታለቅሰው ብሎ መጠየቅን የሚከለክል ደንብ ግን የለም። ወረቀቱን አልጣልኩትም። መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ድሬ ቢሆን ልጅ ሌሊት ሲያለቅስ ማን ይተኛል? አንዷ ጤና አዳም ይዛ፣ አንዱ ባጃጅ አስነስቶ ይመጣል። ሙቀቱም ያግዛል መሰለኝ። ፀሐይ ሲበርድ ሁሉም ወንበሩንና ሰሌኑን ይዞ ደጅ ይወጣል፤ ደጅ የዋለ ሰው ደግሞ አይደበቅም። ከተማዋ ራሷ የመጤ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመኑም፣ ሐበሻውም ሻንጣውን ይዞ ነው የመጣው። ሁሉም እንግዳ ከሆነ ማን ማንን ያስፈቅዳል? ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ የተረፈው እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ ያገኘው ቤት ነው የገባው። የማን ቤት ነው ያለ የለም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ክፍት በር ላይ ቆሜ የደወልኩት። ማንም አላስገደደኝም። እጄ ራሱ ነው ስልኩን ያወጣው፤ የሚያመኝም ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሄድኩ። «ቤቶች!» ብዬ መጋረጃውን ገልጬ እገባለሁ። ሙሸበክ ታቀርብልኛለች፣ ቡና ታፈላለች። ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ የወረቀቱን ነገር ነገርኳት። ጀርመኑን ትረግምልኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ሲኒውን አስቀመጠች።

«ልጅቷስ?» አለችኝ። «ተሻላት?»

ሁለት ዓመት አልፎታል አልኳት።

«ይለፈው። ተሻላት ወይ?»