ሳም በርጀስን የጦስ ዶሮ አደረጉት

ራግቢ ሁለት ዓይነት ነው፣ ሊግና ዩኒየን። ከሊግ ወደ ዩኒየን ስለሄዱ ተጫዋቾች ወሬ በተነሳ ቁጥር የእንግሊዛዊው ሳም በርጀስ ስም "አልቻለም" ከሚለው ጋር ነው የሚጠራው፣ እኔ ደሞ ይሄን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ልጁ አይደለም የከሸፈው፣ አከሸፉት እንጂ።

መጀመሪያ ማን እንደነበረ እንይ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2014፣ የአውስትራሊያ ሊግ ፍጻሜ፣ የበርጀስ ክለብ ሳውዝ ሲድኒ ከካንተርበሪ ቡልዶግስ። ገና የመጀመሪያዋን ኳስ ይዞ ሲሮጥ ከቡልዶግሱ ጄምስ ግራሃም ጋር በጭንቅላት ተጋጩና የጉንጩ አጥንት ተሰበረ። ሌላ ሰው ቢሆን በዛው ሆስፒታል ነው። እሱ ግን ፊቱ አብጦ 80 ደቂቃውን ሙሉ ተጫወተ፣ ሲያዝ ይነሳል፣ እንደገና ይገባል፣ 30 ለ 6 አሸነፉና የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች እሱ ሆነ። ሳውዝ ከ1971 ጀምሮ ለ43 ዓመት ዋንጫ ያላየ ክለብ ነበር። ሲያልቅ ሜዳው ላይ አለቀሰ፣ እኔም ባየሁት ቁጥር እንባዬ ይመጣል።

ከዛ ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ባዝ የሚባል ክለብ ገባ፣ ዩኒየን ሊጫወት። ለማያውቅ ሰው ሁለቱ አንድ ነው የሚመስለው ግን አይደለም። ሊግ ላይ 13 ሰው ነው፣ የተያዘው ሰው ይነሳና ኳሷን በእግሩ ወደ ኋላ ይሰጣል፣ ተከላካዩ ያፈገፍጋል፣ ስድስት ጊዜ ከተያዛችሁ ኳሷ ለሌላው ነች። ዩኒየን ላይ 15 ሰው ነው፣ የተያዘው ሲወድቅ ኳሷ ላይ ግፊያ ይጀመራል፣ ራክ ይሉታል፣ እዛ ውስጥ ልግባ ወይስ ቦታዬን ይዤ ልቁም የሚለውን በዓይን ጥቅሻ መወሰን አለብህ። ይሄ ሌሎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ የለመዱት ነገር ነው፣ እሱ ግን በ25 ዓመቱ ነው ሀ ብሎ የጀመረው።

ይባስ ብሎ ባዝ ፍላንከር በሚባለው ቦታ ሲያሰልፈው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ደሞ ሴንተር በሚባለው ቦታ ይፈልገዋል። አንዱ ራክ ውስጥ የሚውል ነው፣ አንዱ መስመር የሚጠብቅ፣ አዲስ ቋንቋ እየተማረ ያለን ሰው ጠዋት በአንዱ ማታ በሌላው አውራ እንደማለት ነው። እንደሱ ከሊግ የመጣው ጄሰን ሮቢንሰን ተሳክቶለታል ይሉኛል፣ አዎ፣ በ2003 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ትራይ (ኳሷን ከተጋጣሚ መስመር ጀርባ መሬት ማስነካት) አስቆጥሯል፣ ግን እሱ ሰፊ ቦታ ላይ ኳስ ተሰጥቶት ሰው የሚያታልል ክንፍ ነበር፣ ከሊግም ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። በርጀስ አንድ ዓመት እንኳን አልሞላውም!

እና በ2015 የዓለም ዋንጫ የእንግሊዝ አሰልጣኝ ስቱዋርት ላንካስተር፣ በዛው ዓመት በስድስቱ አገሮች ውድድር ሴንተር የነበረውን ሉተር በረልን ትቶ በርጀስን ወሰደው። ጥፋቱ ካለ እዚህ ጋ ነው፣ የተመረጠ ልጅ አልመጣም ይበል እንዴ? ከዌልስ ጋር ትዊክንሃም ስታዲየም ላይ የዌልሱን ጄሚ ሮበርትስን እንዲያቆም አሰለፉት። ሊያልቅ አስር ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ሲያስወጡት እንግሊዝ 25 ለ 18 እየመራች ነበር፣ ይሄን ማንም አያነሳውም። የዌልስ ትራይ የገባው፣ ዳን ቢገርም ዌልስን ያስቀደመችውን ፔናልቲ የመታው በርጀስ ወንበር ላይ እያለ ነው። መጨረሻ ላይ እንግሊዝን አቻ የምታደርገውን ፔናልቲ ወደ ጎል ከመምታት ይልቅ ወደ ጥግ እንምታ ብሎ የወሰነውም አምበሉ ክሪስ ሮብሾ ነው። ዌልስ 28 ለ 25 አሸነፈች። በሳምንቱ አውስትራሊያ 33 ለ 13 አሸንፋቸው አዘጋጇ አገር ከምድብ ወጣች፣ ሕዝቡም ጣቱን ከሊግ በመጣው ልጅ ላይ ቀሰረ።

ኖቬምበር ላይ ባዝን ለቆ ወደ ሳውዝ ተመለሰ፣ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አምስት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ዩኒየን በቃው። ሸሸ አሉት። እኔ ግን በማያውቁት ቦታ አቁመው ከሰደቡት ሰዎች ይልቅ፣ በተሰበረ ጉንጩ ሲጫወት ስሙን እየጠራ ወደጮኸለት ደጋፊ መመለሱ ምኑ እንደሚያስነውር አይገባኝም። ትከሻው እምቢ ብሎት በ2019 እስኪያቆም ድረስ የተጫወተው እዛው ነው።