ክርክራችንን ያቆይልን

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ሕዝብ ስለ ጤና መድን ለሚያደርገው ክርክር ሐውልት ቢቆምለት አይበዛበትም። ልብ በሉ፣ ለመድኑ አላልኩም። ለክርክሩ ነው። መድንማ ስንቱ አገር አለው። ጀርመኖች በፈረንጆቹ 1883 ጀምረውት ይኸው እስከ ዛሬ ይታከሙበታል፤ ምን ታደርጉታላችሁ፣ ጨዋታ አያውቁም። የእኛ ግን ሌላ ነው። ደጋፊው አንድ ቀን አልታከመበትም፣ ተቃዋሚው አንድ ቀን አልከፈለበትም፣ አዋጁን ሁለቱም በዓይናቸው አላዩትም፤ ግን አንድ ማኪያቶ አዘው ሦስት ሰዓት ይሟገታሉ። አስተናጋጇ ብርጭቆውን አንስታ፣ ጠረጴዛውን ወልውላ፣ ወንበር መገልበጥ ጀምራ እንኳ አይነሱም። ይህን ጽናት ሌላ ቦታ ብናውለው ኖሮ የት በደረስን የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ሌላ ቦታ ብናውለው እዚህ ማን ሊሟገት ነው?

ባለፈው ታክሲ ውስጥ የሰማሁትን ላውጋችሁ። ከኋላ ወንበር መስኮቱን ይዞ የተቀመጠ ጎልማሳ፣ ረዳቱ ሂሳብ ሰብስቦ እስኪጨርስ እንኳ ሳይጠብቅ፣ "አሁን እኔ ልጄን ለማስከተብ በየዓመቱ ይህን ሁሉ ብር ልክፈል?" ብሎ ጀመረ። ድምፁ ደግሞ ሲያምር! ጋቢና ያለችው ሴትዮ "እውነትህን ነው" አለች። ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ከመሐል አንዱ "የወሊዱስ?" ብሎ ጨመረበት። እንግዲህ ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ መድን ኖራችሁም አልኖራችሁም፣ በነፃ ነው። ወሊድም፣ የቲቢ ሕክምናም እንዲሁ። ይህን የምናውቅ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ታክሲው ውስጥ ነበርን፤ አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንደሆነች ከያዘችው ቦርሳ አውቄአለሁ። ዓይን ለዓይን ተያየንና ዝም አልን። ምን ይባላል? እንዲህ ያለ ንግግር እየፈሰሰ በመረጃ ማቋረጥ ነውር ነው። እኔማ ተመስጬ ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ አልፌ ነው "ወራጅ አለ" ያልኩት።

ከሁሉ የማደንቀው ግን "ዘንድሮ አልታመምኩም፣ ብሬ የት ገባ?" የሚለውን ወገኔን ነው። አንድ ጎረቤት አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን እንኳ ሳይነካው ቀርቶ ኀዘን ተቀምጧል። ሚስቱ ደህና ናት። ልጆቹ ደህና ናቸው። አማቱ እንኳ፣ ስንት ዓመት ወገቤን ወገቤን ሲሉ የኖሩት ሴትዮ፣ ዘንድሮ ተሽሏቸው ገበያ ወርደው ይመጣሉ። "ተበላሁ" ይላል። የመድን ደብተሩን ገልጦ ባዶውን ገጽ ያሳያችኋል፣ ልጁ ፈተና የወደቀበት አባት ይመስል። አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቢያንስ አንዳችንን ታይፎይድ ቢጤ ነገር ነካ አድርጎን ቢሄድ ምን ነበረበት?" ብሎኛል። ጸሎት ይሁን ምሬት አልለየሁትም።

ይህ ሰው የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነው።

እዚያ ሲመጣ ሌላ ሰው ነው ታዲያ። በወር በወሩ እሑድ ጠዋት መነጽሩን ሰክቶ፣ ደብተሩን ዘርግቶ፣ ያልከፈለውን በስም እየጠራ ይሰበስባል። ስንት ዓመት በገንዘብ ያዥነት ሲያገለግል "እስካሁን አልሞትኩምና መዋጮዬ ይመለስልኝ" ያለ አባል ገጥሞት አያውቅም። ቢገጥመው ጠበል ይዞት ይሄዳል። የእኔ ብር ለእነ እንትና ድንኳን ዋለ ብሎ ያኮረፈም የለም። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ የሁላችን ነው። ማን ቀድሞ እንደሚጠቀምበት እግዜር ያውቃል፣ ቸኩሎ የሚሰለፍም አላየሁም። ለመቀበር ሲሆን ደስ ብሎን እናዋጣለን፤ ለመዳን ሲሆን ሳንቲሟ ሁሉ የት ገባች ትባላለች። አንድ ቀን ደፍሬ "ጋሼ፣ ይኼ መድን የሚሉት ነገር ያው እድር ማለት አይደል እንዴ?" አልኩት። በመነጽሩ በላይ ገረመመኝ። "እድር ላይ እኮ ሰው ይሞታል" አለኝ። መልስ አጣሁ። እስከ ዛሬም አላገኘሁም።

የዚሁ ወገን ሌላ ክንፍ ደግሞ አለ፣ እሱ እንኳ ረቀቅ ይላል። ጥር ላይ መዝጋቢዎቹ ቤቱ ድረስ መጥተው ሲለምኑት "እግዜር ጤና ሰጥቶኛል፣ በሽታ አልጠራም" ብሎ ይመልሳቸዋል። ሚያዝያ ላይ የኩላሊት ጠጠር ይዞት ሲያጣድፈው፣ በሁለት ሰው ተደግፎ "መዝግቡኝ!" እያለ ይመጣል። የምዝገባው ጊዜ አልፏል ሲሉት "አላልኳችሁም? ሌብነት ነው!" ይላል። ምዝገባው በዓመት አንዴ ጊዜ ተቆርጦለት የሚካሄደው ልክ እንደ እሱ ያለው ሰው ስለበዛ መሆኑን ማን ይንገረው? ሁሉም ሲታመም ብቻ የሚከፍል ከሆነ የምን መዋጮ አለ፣ እሱማ የካርድ ሂሳብ ነው። ግን ተዉት፣ አሁን አሞታል።

የቢሮ ሠራተኛውን ካላነሳሁ ደግሞ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከሠራተኛው ደሞዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪው ደግሞ ሌላ 3 በመቶ ተባለ። ያን ዓመት የተወለደ ልጅ ጢም እያበቀለ ነው፤ ክርክሩ ግን ሽበት አያውቅም። ሊጀመር ነው ሲባል እንሰበሰባለን፣ ተራዘመ ሲባል እንበተናለን፣ አሁንስ የምር ነው ሲባል እንደገና ውሃና ብስኩት ይቀርብልንና እንሰበሰባለን። ለጡረታ 7 በመቶ ሲቆረጥበት ትንፍሽ ያላለ ሰው (ሊጦር ስንት ዓመት ቀርቶት!) ለሦስቷ ሲሆን ስልኩን አውጥቶ ያሰላል። መጀመሪያ በብር፣ ቀጥሎ በኪሎ ሥጋ፣ በመጨረሻ በሊትር ዘይት። ጎን ያለው ደግሞ ዘይቱን በዓመት አባዝቶ በርሜል ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላማ ስብሰባው ስለ ዘይት ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልመን። እንዲህ ያለ አንድ የወረዳ ሠራተኞች ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ ተናግሮ ተናግሮ ሲደክመው አንዲት ነርስ ተነሳች። "እኔ የምሠራው እዚያው ነው። የሌለውን መድኃኒት ስሙን በቃሌ አውቀዋለሁ። ለሌለ ነገር ከደሞዜ ቁረጡ ብዬ እንዴት ልስማማ?" ብላ ተቀመጠች። በቃ፣ ይህችው ናት። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከመድረክ ያሉት ሰብሳቢ ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጫሩና "በጣም ጥሩ አስተያየት ነው፣ ይዘነዋል" አሉ። እውነትም ያዙት። እስከ ዛሬ አልለቀቁትም። ቀጣዩ ተናጋሪ ወደ ዘይቱ መለሰን።

ደጋፊዎቹንስ ምን ብዬ ላመስግናቸው? ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኑ፣ ያ ደሞዝተኛ ላልሆነው የታሰበው፣ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ 13 ወረዳዎች ላይ ለሙከራ ነበር የተጀመረው። ዛሬ የማያውቀው የለም። አንድ አባወራ ሲከፍል ቤተሰቡ አብሮ ይታከማል፣ መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይከፍልለታል፣ ስንቱ ገበሬ በሬውን ሳይሸጥ ታክሞበታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ እኔም የምወደው ለዚህ ነው። የእኛ ደጋፊ ግን ይህን አይነግራችሁም፤ እሱ የሚነግራችሁ በመቶኛ ነው። ዕቅድ ይህን ያህል፣ ክንውን ይህን ያህል፣ የጎረቤት ቀበሌ ይህን ያህል፣ ስለዚህ እኛ በለጥን፣ አጨብጭቡ። የተመዘገበ ሰው ይቆጠራል። "የለም" ተብሎ ከመድኃኒት መስኮት የተመለሰ ሰው ግን የሚሞላበት ሣጥን ፎርሙ ላይ የለም፣ ስለዚህ ያ ሰው አልተፈጠረም። "መነጽርስ ይሸፍናል?" ብላችሁ ብትጠይቁት "ሁሉንም!" ይላችኋል። አይሸፍንም። ሰው ሠራሽ ጥርስም፣ የውጭ አገር ሕክምናም አይሸፍንም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ሄዳችሁም አይሆንም፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር። ግን "ሁሉንም" ማለት አፍ ላይ ይጥማል።

አንድ ወዳጄ ደግሞ የልጁን የልደት ሠርተፊኬት ሊያወጣ አንድ ቢሮ ሄደ። "የጤና መድን ከፍለሃል?" ተባለ። "በፈቃደኝነት ነው አላላችሁም እንዴ?" ቢላቸው፣ ጸሐፊዋ በትሕትና "አዎ ወንድሜ፣ ፈቃደኛ ስትሆን ና፣ ሠርተፊኬቱን እንሰጥሃለን" አለችው። ስታዩት ቃል በቃል አልዋሸችም።

ብቻችንን አይደለንም ብዬ ላጽናናችሁ አስቤ ነበር። አሜሪካኖችም በፈረንጆቹ 2010 የፈረሙት የጤና መድን ሕግ አላቸው። በመደበኛ ስሙ ስትጠሩላቸው የሚወዱት፣ "ኦባማኬር" ስትሏቸው የሚጠሉት ሰዎች ሞልተው ነበር። አንዱን ሕግ! ገና ረቂቅ ሳለ ደግሞ መንግሥት የትኛው ሽማግሌ ይታከም፣ የትኛው ይሙት ብሎ የሚፈርድ ኮሚቴ ሊያቋቁም ነው ተብሎ በየአዳራሹ ተጯጩኸዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ረቂቁ ውስጥ አልነበረም። ጎበዞች ናቸው፣ አልክድም። ግን ጮኸው ሲጨርሱ ቢያንስ ድምፅ ይሰጡበታል፣ ፍርድ ቤት ይካሰሱበታል። እኛ የምንጮኸው ለጩኸቱ ስንል ነው፣ ምንም ሳንጠብቅ፣ በንጹሕ ፍቅር።

የዚህን ፍቅር ጥግ ያየሁት ባለፈው ወር ነው። እናቴን ለደም ግፊቷ ይዤ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ስሙ ይቅር፣ ሌሎቹ እንዳይከፋቸው። ካርድ ክፍሉ ፊት ያለው ወረፋ ግቢውን ዞሮ ጭራው ወደ ራሱ ሊመለስ ምንም አልቀረው። ከፊታችን ከዘራ የያዙ ጡረተኛ ነበሩ፣ ከኋላችን ደግሞ አንድ እጁ በፋሻ የታሰረ ወጣት። ማን እንደጀመረው አላየሁም። ብቻ ሳውቀው እኔና እናቴ መሐል ላይ ነበርን፣ ነገሩ በራሳችን ላይ ያልፋል።

"የሌባ መክበሪያ ነው፣ አባባ!" ይላል ወጣቱ።

"አንተ ልጅ፣ ሳታውቅ አትናገር። ድሮ የነፃ ሕክምና ወረቀት ለማግኘት ቀበሌ ደጅ ስንት ቀን እንደጠናሁ ታውቃለህ?" ይላሉ ሽማግሌው።

"ያኔ ቢያንስ አልከፈሉም!"

"ያኔ ቢያንስ አልታከምኩም!"

ወረፋው ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። ሕመሙን የረሳ ሰው አየሁ፣ በእግዜር። አንዲት ሴት ጥርሷን ይዛ ትስቅ ነበር። ሽማግሌው ድንገት ዞር ብለው "ለመሆኑ አንተ በእጅህ የያዝከው ምንድን ነው?" አሉት። ወጣቱ ደብተሩን ወደ ኪሱ ሊከት ሞከረ፣ እጁ የታሰረ ስለሆነ አልተመቸውም። የጤና መድን ነው። "ሚስቴ ናት የከፈለችው" አለ። ሁለት ሰዓት ተኩል እንዲህ ሆንን። ማንም አልተሰለቸም። ይህን ክርክር በመርፌ የሚሰጥ ቢገኝ ማደንዘዣ አያስፈልገንም ነበር።

መርማሪዋ እናቴን አየቻት፣ ጻፈችላት። መድኃኒት መስኮቱ ጋ ስንደርስ ልጅቷ ወረቀቱን አየችና "የለም፣ ከውጭ ግዙ" አለች። ሽማግሌው ወረቀታቸውን ሰጡ። "የለም፣ ከውጭ ግዙ።" ወጣቱም ሰጠ። እሱንማ ቀና ብላም አላየችው፣ የለም። ደጋፊ ተቃዋሚ ብላ አልለየችም፣ ፍጹም እኩልነት ነው። የሚገርመው እዚህ ላይ ሁለቱም አፋቸውን አልከፈቱም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ያልነጠፈ አንደበት፣ "መቼ ይመጣል?" ብሎ ለመጠየቅ አንድ ቃል አጣ። እኔም አልጠየቅሁም። እናቴ ናት የጠየቀችው። "አይታወቅም እማማ" ተባለች።

ከግቢው በር ፊት ለፊት ሁሉ ነገር ያለበት የግል ፋርማሲ አለ። ሦስታችንም እዚያው ተገናኘን። ወጣቱ ኪሱን በአንድ እጁ ፈተሸ፣ ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ። ጎደለው። ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ብር አውጥተው የጎደለውን ባንኮኒው ላይ አኖሩለት። ወጣቱ ዓይኑ ቀላ። ትንሽ ቆሙ።

"ይኸውልህ፣ መድን ማለት ይኼ ነው" አሉት ሽማግሌው።

"አይደለም አባባ" አለ ልጁ፣ መድኃኒቱን እየተቀበለ። "ይኼ ብድር ነው። እመልስልዎታለሁ።"

"ብድር አይደለም፣ መዋጮ ነው!"

"መዋጮማ ደረሰኝ አለው!"

እናቴ ክንዴን ጎተት አደረገችኝ። "ንገራቸው እስቲ ልጄ፣ ጥግ ይያዙልንና እኛም እንግዛ።"