ይድረስ ለአራተኛ ፎቁ በግ

ቅዳሜ ሹር፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ከጸሎተ ሐሙስ ጀምሮ የደረሰብኝን በደል ስለማሳወቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አንቱ ልበልህ ወይስ አንተ በሚለው ላይ ብዙ አውጥቼ አውርጃለሁ። ዋጋህን የሰማሁ ዕለት አንቱታው ተገቢ መስሎኝ ነበር፤ እኔ ወር ሙሉ ተመላልሼ የማገኘውን ገንዘብ አንተ አንድ ቀን ገበያ ቆመህ አውጥተኸዋልና። ዳሩ ግን ነገ ረፋድ ላይ ጥብስና ቅቅል ተብለህ ለምትከፋፈል አካል አንቱታ ምን ይሠራልሃል? ስለዚህ አንተ ብዬሃለሁ፤ ቅር እንዳትሰኝ።

እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ ልክ ከኮቴህ ሥር የምኖረው ሰውዬ ነኝ። ታውቀኛለህ። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ስትመጣ ጉልባኔን እየቆረጠምኩ ነበር። የደረጃውን ጫጫታ ሰምቼ ብወጣ፣ ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ አራት እግርህን ተክለህ አልነቃነቅም ብለሃል። ጎረቤቴ ቀንድህን ይዞ ይጎትታል፣ ልጁ ገመዱን ይዞ ያለቅሳል፣ ዘበኛው ከኋላ ይገፋል። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ያን ሁሉ ላት ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ለማንም ከባድ ነው፤ በዚህ አልፈርድብህም። ከአንደኛ ፎቅ የተከተሉን እማማ ላትህን በመዳፋቸው መዘን መዘን አደረጉና “ሙክት ነው?” ብለው ጠየቁ። ጎረቤቴ “የመንዝ ሙክት ነው እንጂ!” አለ። አንዱ ደግሞ ወገብህን ጨበጥ አድርጎ “አታለውሃል፣ አውራ ነው” አለ። እዚያው ደረጃ ላይ ሸንጎ ተቀመጠልህ። እኔ ስለ በግ የማውቀው ነገር የለም፤ ሰው ሁሉ ሲጨብጥህ ቆሜ ማየቱ ግን አሳፈረኝና ወገብህን ጨብጬ “ደህና ነው” አልኩ። በመጨረሻ የማይቀረው ጥያቄ መጣ፦ “ስንት ገዛኸው?” ጎረቤቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረን። ዝቅ ያለው ግን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ፎቅ በሚያሰማ መጠን ነው።

በመግቢያው በር ላይ “በበረንዳ ላይ ማናቸውንም የቤት እንስሳ ማሰር በጥብቅ የተከለከለ ነው” የሚል ማስታወቂያ መለጠፉን አንተ አታነብምና ልንገርህ። ማኅተም አለው። ከማኅተሙ በላይ ያለው ፊርማ የኮሚቴያችን ጸሐፊ ሲሆን፣ እሱም አሁን ገመድህን በረንዳው ብረት ላይ የቋጠረው ጌታህ ነው። ይህንን በትሕትና ሳስታውሰው “ወንድሜ፣ የቤት እንስሳ ማለት እኮ የሚኖር ነው፤ ይህ የሦስት ቀን እንግዳ ነው” አለኝ። መልስ አጣሁ። እነዚህ ሕንፃዎች ሲታቀዱ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን፣ ኮሙናል የሚባል ቤት አብሮ ታስቦላቸው ነበር። የእኛው ከተከራየ ቆየ፤ በአንዱ ክፍል ሸቀጣ ሸቀጥ ይሸጥበታል፣ በሌላው ሕፃናት ፊደል ይቆጥሩበታል። የአንተ ጉዳይ የሚፈጸመው እንግዲህ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በሁለት መኪኖች መካከል ነው።

ወደ በደሌ ልመለስ። ዓርብ ስቅለት ነው። ከማለዳ ጀምሮ ስሰግድ ውዬ፣ ማምሻውን ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባዬን ቸብ ቸብ አድርገው ተጨማሪ ስግደት አዘውልኝ፣ እሱንም ጨርሼ ጉልበቴን እየጎተትኩ ቤቴ ገባሁ። ጋደም ከማለቴ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ወለልህ ጣሪያዬ ነው። ከበረንዳዬ ጥግ በላይ ትነሣለህ፣ ከመኝታዬ መስኮት በላይ ስትደርስ ትቆማለህ፣ ታስባለህ፣ ከዚያ ያን ድምፅህን ትለቀዋለህ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ከዚያ 9፣ ከዚያ 10 ሰዓት ከሩብ። አክፍሎት የያዘችው ባለቤቴ እህል ውኃ ሳይደርሳት “ተወው፣ እሱም ሆድ ብሶት ነው” ትለኛለች። ለአንተ የምታዝነውን ያህል ለእኔ አዝና አታውቅም።

እንቅልፉን ግን ይቅር ብዬሃለሁ። ይቅር ያላልኩህ ሌላ ነው።

ያንኑ ዕለት ማታ ቨርጂኒያ ያለው ታናሽ ወንድሜ ደወለ። እዚያ የፈረንጆቹ ፋሲካ ባለፈው ሳምንት አልፏል፣ የእኛ ስቅለት ተራ የሥራ ቀን ነው፤ ምሳ ሰዓቱ ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነው የደወለው። ገና ጤንነት ተጠያይቀን ሳንጨርስ ጮህክ። ወንድሜ ፀጥ አለ። “በግ ገዛችሁ?” አለኝ፣ በተሰበረ ድምፅ። አይ፣ የጎረቤት ነው ማለት እችል ነበር። ከዚያ ሁሉ ስግደት በኋላ፣ የወይራው ቅጠል ጀርባዬ ላይ ሳይደርቅ፣ “አዎ” አልኩ። “ሙክት ነው?” “የመንዝ ሙክት ነው።” “እስቲ ካሜራውን አዙርልኝ።” “ተኝቷል” አልኩት። ይህን ጊዜ ደግመህ ጮህክ፣ አምላክ ይይልህ!

ወንድሜ በየዓመቱ ለፋሲካ ጥቂት ገንዘብ ይልክልናል፤ ዶሮውም ቅቤውም ሽንኩርቱም በእሱ ነው የሚገዛው። ዘንድሮ ግን “ተመስገን፣ እኔ እኮ እንዴት ይሆኑ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ነበር። በግ ከገዛችሁማ እኔን አትፈልጉኝም” ብሎ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። “ፎቶውን ብቻ እንዳትረሳ” አለና ዘጋው። የዘንድሮው ዶሮ የተገዛው ከሥራ ባልደረባዬ በተበደርኩት ነው፤ እሱም ብድሩን የሰጠኝ ሰኞ ቢሮ ስንገባ እንድመልስለት ነው።

ዛሬ ደግሞ ቄጤማው አለ። ለወለሉ የሚጎዘጎዝ አንድ እስር ቄጤማ ገዝቼ፣ እንዳይጠወልግ ውኃ አርከፍክፌ ደጃፌ ላይ አስቀምጬ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ሊያናፍስህ ወደ ታች ሲያወርድህ በእኔ በር አለፋችሁ። በሩን ስከፍት ከቄጤማው የተረፈው ማሰሪያ ልጡ ነው፣ እሱም ከከንፈርህ ላይ ተንጠልጥሎ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ማኘክህን አላቆምክም። ትንሿ ልጄ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ገብረ ሰላመ ተብሎ የታደለውን ቄጤማ ግንባሯ ላይ እንዳሰረች ልትዳብስህ ጠጋ ስትል፣ እሱንም ከራሷ ላይ ቀስ አድርገህ መዘዝክ። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ እሷ ሳቅ በሳቅ ሆነች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ “አባዬ፣ የእኛ በግስ መቼ ነው የሚመጣው?” አለች። ሽንኩርት በመላጥ ልረዳ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ዓይኔ ቢያብጥ በሽንኩርቱ ነው፤ ማንም በሌላ አይተርጉመው።

እውነቱን ለመናገር በአንዳንድ ነገር አዝንልሃለሁ። እኛ 55 ቀን ከሥጋ ብንርቅ ስንት ቀን ቀረው እያልን ስንቆጥር ከረምን፤ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ቅጠል በልተህ ኖረህ የምትሄደው በመፈሰኪያው ቀን ነው። ቆዳህም ቢሆን እንደ ድሮው ክብር የለውም። ቀድሞ የበዓል ዕለት “ቆዳ አለ!” እያለ በር ለበር የሚዞረውን ሰው አከራክረን ከዋጋህ ጥቂቱን እናስመልስ ነበር። አሁን ቆዳ የረባ ዋጋ አጥቶ፣ በበዓል ማግስት ቱቦ ዳር ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው ይታያል። ሐሙስ ዕለት ያን ያህል የተጨበጠ ወገብ ማክሰኞ የት እንደሚገኝ ማንም አይጠይቅም።

ይህን እየጻፍኩ በሩ ተንኳኳ። ጌታህ ነው። ለቅዳሴ ሊሄድ ነጭ ለብሷል። አራጁ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብሎታል፤ በፋሲካ ጠዋት ግን አራጅ ለስንት ደጅ ቀጠሮ እንደሚሰጥ አንድዬ ያውቃል። እግር የሚይዝለት ሰው አጥቷል። “አንተ ሐሙስም ደህና አድርገህ ገፍተኸዋል” አለኝ፤ ከዚያ አንገቱን ሰበር አድርጎ “ቤተሰቡን ይዘህ ጥብሱን እኛ ዘንድ ትቀምሳለህ” ሲል ጨመረ። ስለ ማስታወቂያው፣ ስለ ኮቴህ፣ ስለ ቄጤማው ልነግረው ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ። “ምን ችግር አለው” አልኩት።

ስለዚህ ነገ ከ12 ሰዓት ትንሽ ቀደም ብዬ እወጣለሁ። ልጄንም አስከትላለሁ፤ ስልኩን የምትይዘው እሷ ናት። በረንዳው ብረት አጠገብ ቀንድህን ይዤ እቆማለሁ፣ ባለቤቴ የሰጠችኝን ነጠላ ትከሻዬ ላይ አደርጋለሁ። በሦስት ቀን ጉርብትናችን አንድ ነገር ብቻ ብለምንህ ነው፤ ልጅቷ “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” ስትል እባክህ ወደ ካሜራው ተመልከት። የምታውቀኝም ምሰል።

ከሠላምታ ጋር

የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለአራጁ (ቢዘገይ ግድ የለም፣ ፎቶው እስኪያልቅ)
ለኮሚቴው ጸሐፊ (ከጥብሱ በኋላ)
ቨርጂኒያ ለሚገኘው ወንድሜ (ፎቶው ብቻ)