ጉዳዩ የእኔ ነው የሚል ሰው

ባለፈው ወር ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር በ20 ደቂቃ ያልቃል ይላል። መጀመሪያ ቀን ሲስተም የለም ተባልኩ። በማግስቱ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ፋይሌ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ሠራተኞቹ ትሁቶች ነበሩ፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ግን ጉዳዩ የእኔ ነው የሚል አንድም ሰው አላገኘሁም።

የመሥሪያ ቤቶችን አሠራር ያሻሽላሉ የተባሉትን ቢፒአርን አይተናል፣ ውጤት ተኮርን አይተናል፣ ካይዘንንም አይተናል። የሚጠቅም ነገር አላቸው። ግን ሥልጠናው አልቆ ባነሩ ሲወርድ፣ "ይህን ሥራ ማን ይሠራዋል?" የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ ሳያገኝ ይቀራል።

ይህን ጥያቄ በደንብ የመለሰ ፖሊሲ ግን አለን። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ለአንድ የገጠር ቀበሌ 2 ሴቶች ተመደቡ። 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ በተቻለ መጠን የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። 1 ዓመት ሠለጠኑ፣ የመንግሥት ደመወዝ ተቆረጠላቸው፣ ጤና ኬላ ተሠራላቸው። ሥራቸውም በ16 ፓኬጅ፣ ማለትም በ16 የሥራ ዘርፍ፣ ተቆጥሮ ተሰጣቸው።

ገጠር አክስቴ ቤት ሳለሁ አንዷ መጣች። የክትባት ሳጥን በትከሻዋ አንግታለች። ገና ሳትቀመጥ ወደ ጓሮ ዞራ መጸዳጃ ቤቱን አየች። "እትዬ፣ ክዳኑ የት ሄደ?" አክስቴ አፈረች። ቡና እስኪፈላ ድረስ የየትኛው ጎረቤት ልጅ ክትባት እንደቀረው በስም እየጠራች ነገረችን። ተጠያቂነት ስንል እኔ የምረዳው ይህን ነው። እሷ መንደሩን ታውቃለች፤ ክትባት ቢቀር መንደሩም ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ሌላም የምወድለት ነገር አለ። እነዚህ ባለሙያዎች መጀመሪያ ላይ የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ እንጂ ማከም አይፈቀድላቸውም ነበር። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ ሳንባ ምች ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ አሠራሩ ተቀየረ። ሠልጥነው፣ መድኃኒት ተሰጥቷቸው እዚያው ማከም ጀመሩ። መመሪያው መሬት ላይ ካለው ነገር ጋር አልሄድ ሲል የተስተካከለው መመሪያው ነው። ይህ በየመሥሪያ ቤቱ ቢለመድ እንዴት ደስ ባለኝ!

በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ሁሉም የእነሱ ሥራ ነው አልልም። አጎበሩም፣ መንገዱም፣ የእናቶች መማርም አለበት። ግን ክትባቱን እደጃፍ ያደረሰ ሰው ባይኖር ኖሮ እዚህ መድረሳችንን እጠራጠራለሁ።

አሁን የሚያሳስበኝ ይህንኑ ሥራ በገዛ እጃችን እንዳናበላሸው ነው። ደመወዙ ከኑሮው ጋር አልሄደም። መድኃኒት ያልቃል። ቀበሌው ባለሙያዋን መዋጮ አሰባስቢ ይላታል፤ ወረዳው በላይ በላዩ ሪፖርት ይጠይቃታል። ሥራው ግልጽ ስለነበር ነው የሠራችው። ሌላ ሌላውን ስንጭንባት ቤት ለቤት መዞሪያ ጊዜዋን ነው የምንወስድባት።

ባለፈው ሳምንት ለአክስቴ ደወልኩ። የልጅ ልጇን ለማስከተብ ሄዳ ጤና ኬላው ተዘግቶ ጠበቃት። ባለሙያዋ ወረዳ ለስብሰባ ከተጠራች 3 ቀኗ ነው።