ግንብ አሸዋውን አይመልሰውም
«የድንጋይ ግንብ ከተሠራ የባህር ዳርቻው ይድናል» የሚለው፣ በማዕበል ስለሚሸረሸሩ የባህር ዳርቻዎች የወጣው ጽሑፍ ሐሳብ በፍጹም አልተዋጠልኝም። ግንቡ የሚያድነው ከኋላው ያለውን ቤትና መንገድ ነው። ከፊቱ ያለውን አሸዋ ግን ያስበላዋል። ማዕበሉ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ከሥሩ ያለውን አሸዋ ይጠርገዋል፤ እየቆየ የግንቡ መሠረት ራሱ ተራቁቶ ይታያል። በጽሑፉ ላይ አስተያየት ሲሰጡ «ታዲያ ወደ ባህሩ ዘልቆ የሚገባ የድንጋይ ግድብ ይሠራ» ላሉት፦ እሱም በአንድ በኩል አሸዋ ያጠራቅማል፣ በሌላው በኩል ያለውን ጎረቤት ግን ያሳጣዋል። አሸዋው እኮ ዳርቻውን ተከትሎ የሚጓዝ ነው! ሌላው መንገድ አሸዋውን ራሱን መጨመር ነው፦ ኔዘርላንድስ በ2011 እ.ኤ.አ. ከሄግ ከተማ በስተደቡብ ከ21 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አሸዋ አንድ ቦታ ከምራ፣ ማዕበልና ነፋስ እንዲያከፋፍሉት ተወችው። ያን ያህል አቅም የሌለው ማኅበረሰብ ደግሞ በእንጨት አጥር ነፋስ የሚያመጣውን አሸዋ ማስቀረት፣ ክምሩ ላይም ሥሩ የሚጠላለፍ ሣር መትከል ይችላል። ሣሩ ግን እግር አይችልም። ለመንገደኛ የእንጨት መተላለፊያ ካልተሠራ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። አሸዋ ከሌላ ቦታ የምታመጡ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ ቅንጣቱን አስተያዩት፤ ከነባሩ የደቀቀ ከሆነ ቶሎ ታጥቦ ይሄዳል።